ልብስ፣ ጫማና ኬሚስትሪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከገበያ፣ ከማጠቢያ ሳፋና ከጫማ ካርቶን የሚነሱ ጥያቄዎችን ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው ደርድረናቸዋል፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬሚካል የሌለበት ልብስ አለ?

የለም። ጥጥ ራሱ ሴሉሎስ የሚባል ኬሚካል ነው። ሱፍ ኬራቲን፣ ሐር ደግሞ ፋይብሮይን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ፖሊስተርና ናይለን ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ ይመጣሉ። ሁሉም ክር ለመሆን የበቁት በአንድ ምክንያት ነው፤ ሞለኪውሎቻቸው እጅግ ረጃጅም ሰንሰለቶች ስለሆኑ ጎን ለጎን ተደርድረው ጉተታን ይችላሉ። የድንች ስታርችና ጥጥ ሁለቱም የግሉኮስ ሰንሰለት ናቸው፤ አንዱ የሚበላው ሌላው የሚለበሰው ግሉኮሶቹ በተለያየ መንገድ ስለተያያዙ ብቻ ነው።

ሻጭ «ኬሚካል የለውም» ሲል ብዙ ጊዜ ማለት የፈለገው ቀለም፣ ማለስለሻ ወይም እንዳይጨማደድ የሚያደርግ ነገር አልተጨመረበትም ነው። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ከፋብሪካ የወጣ ነጭ ጨርቅ እንኳ በኮስቲክ ሶዳ ሰሙ ተነስቶለት፣ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነጥቶ ነው የሚመጣው። ጥሬ ጥጥ ከነሰሙ ውሃም አይጠጣ፣ ቀለምም በወጉ አይቀበል።

ጥጥ ላብ ይመጥጣል፤ ፖሊስተር ግን ሰውነት ላይ ይጣበቃል። ለምን?

የሴሉሎስ ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሃን የሚስቡ ሃይድሮክሲል የሚባሉ ክፍሎች አሉት። ፖሊስተር እነዚህ የሉትም ማለት ይቻላል። በመደበኛ የአየር እርጥበት ላይ ደረቅ የሚመስል ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ ሱፍ 16 በመቶ ገደማ፣ ናይለን 4 በመቶ ገደማ። ፖሊስተር ግን ከግማሽ በመቶ አያልፍም። ስለዚህ ላቡ ክሩ ውስጥ አይገባም፤ በክሮቹ መካከል ይዋኛል ወይም ገላዎ ላይ ይቀራል።

ይኸው ባሕርይ ጥቅምም አለው። ፖሊስተር ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙም አይጨማደድም። የስፖርት ማልያ ከእሱ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ችግሩ ሽታው ላይ ነው፦ ፖሊስተር ውሃን ቢጠላም ቅባትን ይወዳል፤ የላብ ቅባትና ሽታው ይጣበቁበታል። ማልያ ታጥቦም እንደገና ሲሞቅ የሚሸተው ባለቤቱ ስላላጠበው አይደለም። ለብ ባለ ውሃ፣ ኦሞ ውስጥ ትንሽ ዘፍዝፎ ማጠብ ከብርድ ውሃ ይልቅ ይረዳል።

ናይለን፣ ፖሊስተርና ላይክራ ከየት መጡ?

የመጀመሪያው ናይለን ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ዋላስ ካሮዘርስ በ1935 ዱፖንት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠራው፤ ግንቦት 1940 ላይ በሴቶች ስቶኪንግ መልክ በመላ አሜሪካ ገበያ ወጣ። ካሮዘርስ ግን ይህን ሳያይ በ1937 አርፏል። ፖሊስተር በ1941 የእንግሊዛውያኑ የዊንፊልድና የዲክሰን ሥራ ነው። ላይክራ በሚለው የንግድ ስም የምናውቀው ተለጣጭ ክር ደግሞ በ1958 ጆሴፍ ሺቨርስ የደረሰበት የፖሊዩረቴን ዘር ነው። ጂንስ ሱሪ ላይ 2 በመቶ ብቻ ቢገባ እንኳ ጉልበትዎን ሲያጥፉ ልዩነቱ ይታወቃል።

ፖሊስተር ከሃይላንድ ጠርሙስ ጋር አንድ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን አጥቦ፣ ፈጭቶና አቅልጦ በጥቃቅን ቀዳዳዎች በመግፋት ክር ማድረግ ይቻላል። «ከተመለሰ ፕላስቲክ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ልብስ አብዛኛው የሚመጣው ከጠርሙስ እንጂ ከአሮጌ ልብስ አይደለም።

ሬዮን የተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ? «የቀርከሃ ልብስ» የሚባለውስ?

ሁለቱንም ነው። መነሻው የእንጨት ሴሉሎስ ነው፤ ክር ያደረገው ግን ፋብሪካ ነው። የእንጨቱ ሴሉሎስ በኮስቲክ ሶዳና በካርቦን ዳይሰልፋይድ ይሟሟል፤ ከዚያ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ አሲድ ገንዳ እየተገፋ እንደገና ክር ይሆናል። ክሮስ፣ ቤቫንና ቢድል የሚባሉ እንግሊዛውያን ይህን ዘዴ በ1892 አስመዘገቡት፤ ቪስኮስ የሚባለውም እሱ ነው። ካርቦን ዳይሰልፋይድ ትነቱ የሠራተኛውን ነርቭ የሚጎዳ ፈሳሽ ስለሆነ፣ ስለ ቪስኮስ ጉዳት ሲነሳ መጠየቅ ያለበት ከለባሹ ይልቅ ፋብሪካው ውስጥ የሚውለው ሰው ነው። ሊዮሴል የሚባለው አዲሱ ዘር በሌላ ማሟሚያ ይሠራል፤ ማሟሚያውም ከሞላ ጎደል በሙሉ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል።

«የቀርከሃ» ተብሎ የሚሸጠው ለስላሳ ጨርቅ በአብዛኛው ከቀርከሃ እንጨት የተሠራ ቪስኮስ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ሻጮች ይህንኑ በግልጽ እንዲጽፉ ያስገድዳል። በእንጨትነቱ የነበሩት ባሕርያት አሲድ ገንዳው ውስጥ ቀርተዋል።

«መቶ በመቶ ጥጥ ነው» የተባልኩትን እንዴት ላረጋግጥ?

ክብሪትና ሁለት ክር ይበቃል። ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ክር ከድሩ፣ አንድ ክር ከማጉ ይምዘዙ። ሁለቱንም መሞከር ግድ ነው፤ ማጉ የእጅ ፈትል ጥጥ ሆኖ ድሩ ሌላ የሚሆንበት ጨርቅ አለና። ክሩን በመቆንጠጫ ይዘው ከጨርቁ ርቀው፣ ሳህን ላይ ይለኩሱት።

ጥጥ ቶሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነኩት የሚበተን ግራጫ አመድ ይተዋል። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፤ እሳቱ ሲርቃቸው ይጠፋሉ። ፖሊስተር እሳቱ ሲቀርበው ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ በጥፍር የማይደቅ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። የወረቀት ሽታም ጠንካራ ፍሬም አንድ ላይ ካገኙ ቅልቅል ነው። «ሱፍ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ሹራብ በጥቁር ጭስ ተቃጥሎ ጥቁር ፍሬ ከተወ አክሪሊክ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ይህ ሙከራ ጥጥን ከሬዮን አይለይም፤ ሁለቱም ሴሉሎስ ናቸው። እነሱን ለመለየት ክሩን በምራቅ ያርጥቡና ይጎትቱ። ጥጥ ሲረጥብ አይደክምም፤ ሬዮን ግን እርጥቡ ቦታ ላይ በቀላሉ ይበጠሳል። የሬዮን ቀሚስ ሲታጠብ ተጠምዝዞ የማይጨመቀውም ለዚህ ነው።

አዲስ ልብስ ቀለሙን እንዳይለቅ ጨው ወይም ኮምጣጤ ይረዳል?

አይረዳም፤ ቢያንስ ገዝተው ቤት ካስገቡት በኋላ። ወሬው ግን ከሜዳ አልመጣም። ፋብሪካ ውስጥ ጥጥ ሲነከር ጨው በብዛት ይጨመራል፤ ምክንያቱም ጥጡም ቀለሙም ውሃ ውስጥ ሲገቡ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙላት ስለሚይዙ ይገፋፋሉ፣ ጨው ደግሞ ያንን መገፋፋት ያበርዳል። ኮምጣጤም እንዲሁ ለሱፍ፣ ለሐርና ለናይለን በሚሆኑ ቀለሞች ማንከሪያ ውስጥ ከሙቀት ጋር ይሠራል። ተነክሮ ያለቀ ልብስ ላይ ግን የጨው ውሃ ማድረግ ለጊዜው የሚለቀውን ቢቀንስም፣ በሚቀጥለው ተራ ውሃ እጥበት ቀለሙ መውጣቱን ይቀጥላል።

ቀለም የሚለቀቀው በክርና በቀለሙ መካከል ያለው አያያዝ ደካማ ሲሆን ነው። ርካሽ ጥጥ የሚነከርባቸው አንዳንድ ቀለሞች ክሩ ላይ ተለጥፈው ብቻ ይቀመጣሉ። በ1956 በእንግሊዙ አይሲአይ ኩባንያ ገበያ የወጡት ሪአክቲቭ ቀለሞች ግን ከሴሉሎሱ ጋር በኬሚካል ቦንድ ይጣበቃሉ፤ እነዚህ በአግባቡ ከታጠቡ በኋላ አይለቁም። «በአግባቡ» ያልኩት የተወሰነው ቀለም ክሩን ሳይሆን ውሃውን ይይዝና ሳይጣበቅ ስለሚቀር ነው፤ ፋብሪካው በሙቅ ውሃ ደጋግሞ አጥቦ ካላስወገደው ያ ትርፍ የሚለቀቀው እርስዎ ሳፋ ውስጥ ነው። ጨውና ትርፍ ቀለም የተቀላቀለበት ያ እጣቢ ለማከም አስቸጋሪ ነው፤ ባክቴሪያ ጨው አይበላም። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን እያጣራ መልሶ እንዲጠቀም፣ አንድ ጠብታም ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያስለቅሰው የሀገር ልብስ ነው፦ ቀዩ ወይም ጥቁሩ ጥለት በመጀመሪያው እጥበት ነጩ ላይ ይፈስሳል። ሳይታጠብ በፊት ይፈትሹት። ነጭ ጨርቅ አርጥበው በጥለቱ ጀርባ ላይ ያድርጉና በሞቀ ካውያ ለጥቂት ሴኮንድ ይጫኑት፤ ነጩ ላይ ቀለም ከመጣ ልብሱን በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አጥበው፣ ሳይዘፈዝፉና ሳያጥፉ፣ ዘርግተው ያድርቁት። ጉዳቱን የሚያደርሰው እርጥብ ልብስ ታጥፎ የሚቆይበት ሰዓት ነው።

ከሰው ሠራሽ ቀለም በፊት ቀለም ከምን ይገኝ ነበር?

ከዕፅዋት፣ ከነፍሳትና ከቀንድ አውጣ። በ1856 ዊሊያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ለንደናዊ ተማሪ የወባ መድኃኒቱን ኪኒን ሊሠራ ሲሞክር ጥቁር ዝቃጭ አገኘ፤ ዝቃጩ በአልኮል ሲሟሟ ሐምራዊ ሆነ፤ ሐር ላይ ሲነከርም አልለቅ አለ። የሰው ሠራሽ ቀለም ኢንዱስትሪ የተጀመረው ከዚያ ነው። ኪኒኑን አላገኘም።

ጂንስ ለምን ይደበዝዛል?

እንዲደበዝዝ ተደርጎ ስለሚነከር። ኢንዲጎ በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ በኮስቲክ ሶዳና በሶዲየም ዳይቲዮናይት ወደሚሟሟ ቢጫ አረንጓዴ ቅርጽ ይቀየራል፤ ክሩ ተነክሮ ወደ አየር ሲወጣ ኦክስጅን ያገኘውና ዓይንዎ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙ የሚቀረው በክሩ ላዩ ላይ ነው፤ ውስጡ ነጭ ነው። ጉልበትና ኪስ ላይ ላዩ ሲፋቅ ነጩ ብቅ ይላል።

ገና ከፋብሪካ «ያረጀ» ሆኖ የሚመጣው ጂንስ በድንጋይ፣ ሴሉሎስ በሚበላ ኢንዛይም ወይም በሌዘር የተፋቀ ነው። ቀደም ሲል በአሸዋ ርጭት ይፋቅ ነበር፤ የአሸዋው ብናኝ የቱርክ ሠራተኞችን በሲሊኮሲስ የሳንባ በሽታ ስለጨረሰ አገሪቱ በ2009 ከለከለችው።

በረኪና የትኛውን ልብስ ያበላሻል?

ሱፍና ሐርን ፈጽሞ። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ፕሮቲንን ቢጫ ያደርጋል፣ ሲበዛም ያሟሟዋል። ላይክራ ያለበትን ልብስ ያላላል፣ ናይለንን ያቢጫል። ነጭ ጥጥ ይችለዋል፤ ግን በየሳምንቱ ከሆነ ሰንሰለቱ እየተቆረጠ አንሶላው መሐሉ ላይ በድንገት ይቀደዳል። ከበረኪና በኋላ በደንብ ማለቅለቅ ግማሹን ጉዳት ያድናል።

በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከአሞኒያ ጋር አይቀላቅሉ። ከአሲድ ጋር ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል።

ነጭ ነጠላዬ ሳይለበስ ተቀምጦ ለምን ቢጫ ሆነ? እንዶድስ ከኦሞ ይሻላል?

አንዱ ምክንያት በዓይን ያልታየ ላብና ቅባት ተቀምጦ በአየር መበላሸቱ ነው። «አንዴ ብቻ ነው የለበስኩት» ተብሎ ሳይታጠብ የታጠፈ ልብስ ቀድሞ ይቢጫል። ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው አይጠረጥረውም፦ የፌስታል ከረጢት። አንዳንድ ፕላስቲክ እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ኬሚካል ወደ ጨርቁ ይተንና ከመኪና ጭስና ከምድጃ ከሚወጣ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ቢጫ ይሆናል። ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በነጭ ጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ማስቀመጥ ከፌስታል ይሻላል።

ኦሞ ውስጥ ነጭ የሚያደምቅ ነገር አለ፤ የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ወስዶ ሰማያዊ ብርሃን ያወጣል፣ ዓይንም «ነጣ» ይላል። እንዶድ ይህ የለውም፤ የሚያጥበው ሳፖኒን በሚባሉ አረፋ በሚሠሩ ውህዶቹ ነው። ስለዚህ በእንዶድ የታጠበ ሸማ ነጭነቱ የጥጡ ነጭነት ነው፤ ለእኔ ያኛው ያምራል፣ ግን የምርጫ ጉዳይ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የቢልሃርዝያ መከላከያ ምርምራቸውን የጀመሩት።

ናፍታሊንስ? ብል የሚበላው ኬራቲን ነው፤ ሱፍ፣ ሹራብ፣ በርኖስ። ንጹሕ የጥጥ ጋቢ ውስጥ ናፍታሊን መወተፍ ከሽታ በቀር የሚያመጣው የለም። የሕፃን ልብስ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይግባ፤ በአንዳንድ ሕፃናት ላይ ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል።

ቆዳ እንዴት ይለፋል? ክሮምስ ምን ያደርጋል?

ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ይገረራል፣ ሲረጥብ ይበሰብሳል። ማልፋት ማለት የቆዳውን ፕሮቲን፣ ኮላጅንን፣ በሌላ ነገር እርስ በርሱ ማስተሳሰር ነው። ብራና ጥሩ ማሳያ ነው፤ ተወጥሮ፣ ተፍቆ የደረቀ እንጂ የለፋ ቆዳ ባለመሆኑ ውሃ ይፈራል። የዚያው የብራና መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለው ቀዩ ቆዳ ግን የለፋ ነው። በገጠር ቆዳ ፋቂዎች የእምቧይ ፍሬ ይጠቀሙበታል፤ በፋብሪካ ደግሞ ከዛፍ ቅርፊት የሚወጣ ታኒን አለ። የታኒን ማልፋት ሳምንታት ይወስዳል፤ ቆዳው ጠንካራ፣ ቡናማና ለቀበቶ፣ ለኮርቻ የሚሆን ነው።

ሞጆ ዙሪያ ያሉት ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት በአብዛኛው ክሮም ነው። ጨው የተነሰነሰበት ሌጦ ይታጠባል፤ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ፀጉሩ ይነሳል፤ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ከዚህ ነው። ከዚያ በአሲድና በጨው ተዘጋጅቶ ክሮሚየም ሰልፌት ያለበት ትልቅ በርሜል ውስጥ ሲሽከረከር ይውላል። በአንድ ቀን ገደማ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ «ዌት ብሉ» የሚባለው እሱ ነው። ጥሬ ቆዳ 60 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቅ ውሃ ሲኮማተር፣ ክሮም የገባው የፈላ ውሃ ይችላል።

ኬሚስትሪው የማያድነው ነገርም አለ። የሰላሌ የበግ ሌጦና የባቲ የፍየል ሌጦ በዓለም የቆዳ ንግድ ውስጥ በስማቸው የሚታወቁ ነበሩ፤ የበጉ ለጓንት፣ የፍየሉ ለሱዊድ ይፈለጋል። ግን እከክ፣ ማለትም ቅማልና የበግ ቁንጫ የሚያመጡት የቆዳ በሽታ፣ ፀጉሩ ሲነሳ ነጠብጣቡን ያጋልጣል፤ የትኛውም ቀለም አይሸፍነውም። የበዓል ዕለት ቢላ የወጋው ሌጦም እንዲሁ። በተረፈ ሌጦው በተገፈፈ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨው ካልነካው ባክቴሪያ ይቀድማል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዋጋው ወድቆ ብዙ ሰው የበዓል ማግስት ከቆሻሻ ጋር ይጥለዋል፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ክሮም ያለበት ጫማ ጤና ይጎዳል?

ክሮሚየም ሁለት መልክ አለው። ለማልፋት የሚገባው ሦስት ቫለንት ክሮሚየም ቆዳው ውስጥ ታስሮ ይኖራል፤ አደጋውም ዝቅተኛ ነው። ስድስት ቫለንት ክሮሚየም ግን ካንሰር አምጪና ኃይለኛ አለርጂ ቀስቃሽ ነው። ማንም ሆን ብሎ አይጨምረውም፤ ነገር ግን ቆዳው ውስጥ የገባው ቅባት ጥራቱ ሲጓደል፣ ወይም ቆዳው በደረቅ ሙቀት ሲከማች ከሦስት ቫለንቱ ሊፈጠር ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 ጀምሮ ገላ በሚነካ ቆዳ ውስጥ በኪሎ ከ3 ሚሊግራም በላይ ከልክሏል።

ገበር ያለውን ጫማ በካልሲ የሚያደርግ ሰው ብዙም አይጨነቅ። ያለ ካልሲ ሲደረግ የእግር ጀርባ ላይ የጫማውን ቅርጽ የያዘ ሽፍታ ከመጣ ግን ጫማውን ማቆምና ሐኪም ማሳየት ይገባል። ትልቁ ጥያቄ ከጫማው ይልቅ የፋብሪካው ፍሳሽ ነው፤ ያልታከመ ክሮምና ሰልፋይድ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ከታች ከብት የሚያጠጣው ገበሬ ነው የሚከፍለው።

ካርቶን ውስጥ ያስቀመጥኩት አዲስ ጫማ ሶሉ ለምን ፈረፈረ?

ከውጭ የመጣ፣ «ለሠርግ ይሆናል» ተብሎ የተቀመጠ ጫማ አንድ ቀን ይደረጋል፤ አዳራሹ ውስጥ ሶሉ እየተቆረሰ መንገድ ላይ ይቀራል። ላዩ ቆዳው አዲስ ነው። ምክንያቱ ሶሉ ፖሊዩረቴን መሆኑ ነው። ፖሊዩረቴን ቀላልና ምቹ ነው፤ ግን አብዛኛው ዓይነት በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ሰንሰለቱ ቀስ በቀስ ይቆረጣል። ይህ የሚሆነው ጫማው ቢደረግም ባይደረግም ነው፤ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ፋብሪካ ሲወጣ ነው። ሙቀትና በላስቲክ ታሽጎ የተያዘ እርጥበት ያፋጥኑታል። የሰው ሠራሽ ቆዳ ጃኬት ትከሻው ላይ የሚላጠውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ጫማውን ማድረግ ነው። ማስቀመጥ ግድ ከሆነ አየር በሚያገኝ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ። ከተፈረፈረ በኋላ ማጣበቅ ከንቱ ነው፤ ሶል ማስቀየር ብቻ ያዋጣል።

በረባሶ ለምን ዕድሜ ልክ ይኖራል? ጎማ ነዋ። ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ሲያሞቀው ሰንሰለቶቹ በድኝ ድልድይ ተያያዙ፤ እርጥበት ያንን ድልድይ አይነካውም፣ የተጨመረበት ጥቁር ካርቦንም ከፀሐይ ይከላከልለታል። ኮንጎ ጫማ ደግሞ ፒቪሲ ነው፤ እርጥበት አይጎዳውም፣ ግን ማለስለሻው እየወጣ ሲሄድ ይደርቅና መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል።

ማስቲሽ ጎጂ ነው?

ሙጫው ራሱ ሲደርቅ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው የሚተነው ማሟሚያ ነው። የተለመደው የጫማ ማስቲሽ ፖሊክሎሮፕሪን የሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ በቶሉይንና በመሰሎቹ የተሟሟ ነው፤ ሁለቱ ገጽ ላይ ተቀብቶ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ከዚያ የሚጫነው ማሟሚያው እንዲተን ነው። ቶሉይን አእምሮን ያደነዝዛል፤ መንገድ ላይ ያሉ ልጆች የሚስቡትም ለዚህ ነው፣ ጉዳቱም ዘላቂ ሊሆን ይችላል። ሄክሴን ያለበት ሙጫ ደግሞ በጃፓንና በጣልያን ጫማ ሠራተኞች ላይ እጅና እግር የሚያደክም የነርቭ ጉዳት አድርሷል። ሊስትሮውም ጫማ ሰፊውም በር ከፍቶ፣ ጣሳውን ከድኖ መሥራት አለበት፤ ተራ የጨርቅ ማስክ ይህን ትነት አያቆምም።

ልብስ ሲያሳክከኝ ጥፋተኛው የቱ ነው?

ቦታው ይናገራል። እምብርት ሥር ክብ ሽፍታ ከሆነ የጂንሱ ቁልፍ ኒኬል ነው። ብብት፣ አንገትና ጭን መሐል ላይ፣ ማለትም ላብና መፋተግ ባለበት ከሆነ ጠቆር ያለ ፖሊስተርን የሚያቀልሙ አንዳንድ ሰማያዊ ቀለሞች ይጠረጠራሉ። «ካውያ አይፈልግም» የተባለ ሸሚዝ ወይም አንሶላ ከሆነ ፎርማልዴሃይድ የሚለቅ ሙጫ አለበት፤ የጥጡን ሰንሰለቶች አስተሳስሮ እንዳይጨማደድ የሚያደርገው እሱ ነው። አዲሱን አጥቦ መልበስ የፎርማልዴሃይዱንም የትርፍ ቀለሙንም አብዛኛውን ክፍል ያስወግዳል።

አዞ (azo) ከሚባሉት የሰው ሠራሽ ቀለሞች አንዳንዶቹ ሲፈራርሱ አሚን የሚባሉ ካንሰር አምጪ ውህዶችን ስለሚሰጡ የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ገላ ከሚነካ ጨርቅ አግዷቸዋል። አዞ ቀለም ሁሉ ግን ከዚህ አይቆጠርም።

ውሃ የማያስገባው ጃኬት ላይ የሚወራው ፒፋስ ምንድን ነው?

በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ክረምት የሚያሳልፍ ወገን ሳያውቀው ለብሶታል። ካርቦንና ፍሎሪን የተጣመሩበት ውህድ ነው፤ ውሃም ዘይትም አይይዘውም። ጥምረቱ ግን በኬሚስትሪ ከሚታወቁት ጠንካሮቹ አንዱ ስለሆነ አፈርና ውሃ ውስጥ ሳይበሰብስ ይከማቻል፤ የሰው ደም ውስጥም ተገኝቷል። ካሊፎርኒያ ከጥር 2025 ጀምሮ አብዛኛው አዲስ ልብስ ላይ ከልክላዋለች። ያለዎትን ጃኬት አይጣሉት፤ ከመልበስ የሚደርሰው መጠን ትንሽ ነው፣ ሲሠራና ሲጣል የሚደርሰው ያይላል። አዲስ ሲገዙ ግን በሰም ወይም በሲሊኮን የተቀባውን ይጠይቁ። ውሃ ይከላከላል፤ ዘይት ግን አይከላከልም፣ ስለዚህ ወጥ ቢፈስበት እድፉ ይቀራል።

በኬሚካል በኩል ካየነው ሰልባጅ ይሻላል ወይስ አዲስ?

ለቆዳዎ ብዙ ጊዜ ሰልባጅ። ደጋግሞ የታጠበ ልብስ የሚለቀውን ቀለምና ፎርማልዴሃይድ ለመጀመሪያው ባለቤት ለቆ ነው የመጣው። ሁለት ነገሮች ግን ይፈትሹ፦ የላይክራ ልብስን ጎትተው ይልቀቁት፤ ካልተመለሰ ፖሊዩረቴኑ አልቋል። የስፖርት ጫማን ሶል በአውራ ጣትዎ ጫን ይበሉት፤ ከተጣበቀብዎ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዋጋ አይከራከሩ። ከተገዛ በኋላ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ ሱፍ ከሆነ ግን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ ብዙ ማሸት፣ አለዚያ የአዋቂው ሹራብ የልጅ ይሆናል።